በማይክሮግሊያ ላይ የፖታሲየም ቻናሎችን የሚያዛቸው ምንድን ነው? ቲክ-1፣ ኬቪ 1.3፣ ኪር 2.1፣ ኬሲኤ 3.1

ደጀን_ላብ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ስለ ማይክሮግሊያ፣ ማለትም ስለ አንጎል የበሽታ መከላከያ ሕዋሳት፣ የፖታሲየም ቻናሎች (ፖታሲየም የሚያልፍባቸው የሽፋን በሮች) የወጡት ጽሑፎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ አይስማሙም። ኬቪ 1.3 ሕዋሱ በኤልፒኤስ (በባክቴሪያ ግድግዳ ቁራሽ) ሲቆጣ የሚበዛ ቻናል ነው ይባላል፤ በ2000 የወጣ ሥራ ግን ማይክሮግሊያን በሚያበርደው በቲጂኤፍ-ቤታም እንደሚበዛ ያሳያል። የሳርክ ቤተሰብ ካይኔዞች (ፎስፌት የሚለጥፉ ኤንዛይሞች) ኬቪ 1.3ን ያፍናሉ የሚል አለ፤ ከዚያው ቤተሰብ የሆነው ፊን ያበዛዋል የሚልም አለ። ቲክ-1 ደግሞ ሁልጊዜ ክፍት ነው ይባልና ወረድ ብሎ ኤቲፒ (ከሕዋስ ውጭ የጉዳት ምልክት የሚሆን ሞለኪውል) ይከፍተዋል ይላል። ክፍት የሆነ በር እንዴት እንደገና ይከፈታል?

የምፈልገው የቻናሎችን ዝርዝር ሳይሆን ከተቀባዩ እስከ ቻናሉ ያለውን መንገድ ነው። በፓች ክላምፕ (በሕዋሱ ሽፋን ላይ በሚጣበቅ የመስታወት ፒፔት ከረንትና ቮልቴጅ በሚለካበት ዘዴ) ለመለካት የሚነሳ ሰው የት የት እንደሚሳሳትም ብትነግሩን።

ሽፋን_ቮልት

ደጀን፣ ግጭት የመሰለህ አብዛኛው የጊዜ ልዩነት ነው። ሲግናል ቻናልን በሁለት መንገድ ያዛል። አንዱ ሽፋኑ ላይ የተቀመጠውን ቻናል በሰከንዶችና በደቂቃዎች ውስጥ ይከፍታል ወይም ይዘጋል፤ ፎስፌት ይለጥፍበታል፣ ካልሲየም ያስይዘዋል፣ ወይም የሚደገፍበትን የሽፋን ቅባት ይነጥቀዋል። ሌላው በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ጂኑን አስነስቶ የቻናሉን ብዛት ይለውጣል። አንድ ካይኔዝ በመጀመሪያው መንገድ አፋኝ፣ በሁለተኛው አብዢ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ተቃርኖ አይደለም።

በቲክ-1 ልጀምር፤ ባልተቆጣ የአይጥ ማይክሮግሊያ ላይ ዋናው እሱ ነውና። ጂኑ ኬሲኤንኬ13 ይባላል። ስሙ የወጣው በ2001 ሲገለጽ በማደንዘዣው ሃሎቴን ስለሚታፈን ነው። ከቮልቴጅ ጋር ብዙም አይዛመድም፤ በመጠኑ ክፍት ሆኖ ይኖራል። «ክፍት» ማለት ግን «በሙሉ የተከፈተ» ማለት አይደለም። ኤቲፒ፣ በተለይም ተቆራርጦ የሚገኘው ኤዲፒ፣ ፒቱዋይ12 የተባለውን ተቀባይ ሲይዝ ተቀባዩ ጂአይ የተባለውን ጂ-ፕሮቲን (የተቀባዩን ትእዛዝ ወደ ውስጥ የሚያስተላልፍ ፕሮቲን) ያስነሳል፤ በዚህ በኩል ቲክ-1 ከቀድሞው በበለጠ ይከፈታል። ይህ በ2018 ኒውሮን መጽሔት ላይ ወጥቷል። ቻናሉ በመድኃኒት ሲታፈን ወይም ጂኑ ሲጠፋ ሕዋሱ ቮልቴጁን ያጣል፣ ቅርንጫፎቹ ያጥራሉ፣ አካባቢውን መቃኘቱ ይቀንሳል፣ ኢንተርሊውኪን-1 ቤታ የተባለውን የቁጣ መልእክተኛ መልቀቁም ይወርዳል።

ሦስት ነገር ለይተህ ያዝ። የዕለት ተዕለት ቅኝቱ ቲክ-1ን ይፈልጋል፤ ፒቱዋይ12ን ግን አይፈልግም። ወደ ቁስል መዘርጋቱ ፒቱዋይ12ን ይፈልጋል፤ ቲክ-1ን ግን አይፈልግም። ሁለቱ የሚገናኙት ኤቲፒ ቻናሉን በሚያሰፋበት ቦታ ብቻ ነው። «ፒቱዋይ12 ሲነካ ቅኝት ይጨምራል» ብሎ በአንድ መስመር የሚጠቀልል ሥዕል ብታይ አትመነው።

ማህሌት_ግሊያ

ጋሼ፣ የቀሩትን ሦስቱንም ቢያስከትሉልን። በተለይ የሕዋሱ የውስጥ መልእክተኛ የሆነው የሳይክሊክ ኤኤምፒ ነገር አልገባኝም፤ ጂአይ ይቀንሰዋል፣ ኤቱኤ የተባለው የአዴኖሲን ተቀባይ ይጨምረዋል፣ ታዲያ የትኛው ቻናል ይሰማዋል?

ሽፋን_ቮልት

ማህሌት፣ በግልጽ የሚሰማው ኬሲኤ 3.1 ነው። ይህ ቻናል ቮልቴጅ አያዝዘውም፤ የሚያዝዘው ካልሲየም ነው። ካልሞዱሊን የተባለ ካልሲየም የሚይዝ ፕሮቲን ከቻናሉ ጅራት ጋር እንደተጣበቀ ይኖራል፤ በውስጥ ያለው ነፃ ካልሲየም ወደ 300 ናኖሞላር ሲደርስ ቻናሉ ገደማ በግማሽ ይከፈታል። ፖታሲየም ሲወጣ ሽፋኑ ወደ አሉታዊ ይሄዳል፤ ያኔ ክራክ በተባለው የካልሲየም ቻናል በኩል ካልሲየም ይበልጥ ይገባል፤ እሱም ቻናሉን መልሶ ይከፍተዋል። ራሱን የሚያባብስ ዙር ነውና ፍሬን ያስፈልገዋል። ፍሬኑ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የሚያስነሳው ካይኔዝ፣ ፒኬኤ፣ ነው። በ2014 በአይጥና በሰው ቻናል ላይ እንደታየው፣ ፒኬኤ ሲነቃ ሴሪን 332 እና 334 የሚገኙበት የካልሞዱሊን መያዣ ይነካል፤ ካልሞዱሊን በደንብ አይይዝም፣ ከረንቱ ይወርዳል፣ የካልሲየም ሲግናሉም አብሮ ይቀንሳል። ሁለቱን ሴሪኖች ብትለውጣቸው ፒኬኤ ጉልበት ያጣል። በተቃራኒው ሳይክሊክ ጂኤምፒ የሚያስነሳው ፒኬጂ፣ በኦክስጅን ራዲካሎችና በካም-ካይኔዝ 2 በኩል ዞሮ፣ ይህንኑ ቻናል ያጎለብተዋል።

ኪር 2.1 ከሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ያለውን ፒፕቱ የተባለ ቅባት ካላገኘ አይከፈትም። ጂኪው የተባለውን ሌላ ጂ-ፕሮቲን የሚያስነሳ ተቀባይ ፎስፎሊፔዝ ሲን ሲቀሰቅስ ፒፕቱ ይቆራረጣል፤ ኪርም ይደክማል። ፖታሲየም ወደ ውጭ እንዳይሄድበት የሚደፍኑት ማግኒዝየምና ስፐርሚን ናቸው፤ «ወደ ውስጥ አስተካካይ» የሚባለው ለዚህ ነው። በባህል ላይ ባለ (ከአካል ወጥቶ በሳህን በሚያድግ) ማይክሮግሊያ ጎልቶ ይታያል፤ ኢንተርሊውኪን-4 ሲጨመር ደግሞ ይበልጥ ይጎላል። ኬቪ 1.3 ደግሞ በኤልፒኤስና በኢንተርፌሮን ጋማ ያድጋል። ይህን ንጽጽር በ2017 ግሊያ መጽሔት ላይ የወጣው ሥራ በደንብ አስቀምጦታል።

ካይኔዝ_ተከታይ

ለሳርክና ፊን ጥያቄ። በ2000 የወጣው የአይጥ ማይክሮግሊያ ሥራ ያሳየው ቅጽበታዊውን ነው፦ ኦክስጅንና ግሉኮስ ሲነፈግ የሳርክ ቤተሰብ ካይኔዞች ቻናሉ ላይ ታይሮሲን ፎስፎሪሌት ያደርጋሉ፤ ከረንቱ ይወርዳል። በ2020 የወጣው የፓርኪንሰን ሥራ ያሳየው ደግሞ ፊን ፒኬሲ ዴልታ በተባለ ሌላ ካይኔዝ በኩል የኬቪ 1.3ን ጂን እንደሚያስነሳና ከቻናሉም ጋር በቀጥታ እንደሚገናኝ ነው። አንዱ ደቂቃ ይቆጥራል፤ ሌላው ሰዓትና ቀን።

በሙከራ ለመለየት፦ ማፈኛው ፒፒ2 በ10 ማይክሮሞላር፣ አብሮት በተመሳሳይ መጠን ፒፒ3። ፒፒ3 መልኩ ተመሳሳይ ሆኖ የሳርክ ቤተሰብን የማያፍን ነው፤ ያለ እሱ ውጤቱ ዋጋ የለውም። ከረንቱ በ10 ደቂቃ ከጨመረ ቻናሉ ታፍኖ ነበር ማለት ነው። ከ24 ሰዓት በኋላ ከቀነሰ ጂኑ ላይ ሠርቷል ማለት ነው። ሁለቱንም ሰዓት ሳይለኩ ስለ ሳርክ መናገር አይቻልም።

በዌስተርን ብሎት የታይሮሲን ፎስፌትን የምታዩ ሰዎች ሶዲየም ኦርቶቫናዴትን (ፎስፌት የሚነቅሉትን ኤንዛይሞች፣ ፎስፋቴዞችን፣ የሚያፍነውን) ሳታነቁ አትጠቀሙ። 200 ሚሊሞላር በጥብጣችሁ ፒኤቹን 10 አድርጉት፤ ቢጫ ይሆናል። አፍሉት፣ ቀለሙ ይጠፋል። አቀዝቅዙ፣ ፒኤቹን ወደ 10 መልሱ፤ እንደገና ቢጫ ከሆነ ድገሙት። ቀለም አልባ ሆኖ ሲጸና በትናንሽ ቱቦ ከፋፍላችሁ በረዶ ቤት አስገቡ። በማፍረሻው ቋት ውስጥ 1 ሚሊሞላር ይበቃል። ኢዲቲኤ ወይም ዲቲቲ ካለበት ግን ቫናዴቱ ይበላሻል፤ ፎስፋቴዞቹ ነፃ ይወጡና ባንዱ ይጠፋል። «ፎስፎሪሌሽን የለም» ተብሎ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ደጀን_ላብ

ገባኝ። የቲጂኤፍ-ቤታውስ? ሕዋሱን እያበረደ ኬቪ 1.3ን የሚያበዛ ከሆነ «ኬቪ 1.3 የቁጣ ምልክት ነው» የሚለው አባባል አይፈርስም?

ካይኔዝ_ተከታይ

ይፈርሳል፤ መፍረስም አለበት። ኬቪ 1.3 የቁጣ ምልክት አይደለም። ሽፋኑ ወደ አዎንታዊ ሲሸሽ መልሶ የሚጎትት ገመድ ነው። ኤቲፒ ፒቱኤክስ4 የተባለውን ቻናል ሲከፍት ሶዲየምና ካልሲየም ይገባሉ፤ ቮልቴጁ ይነሳል፤ ኬቪ 1.3 ተከፍቶ ይመልሰዋል፤ ካልሲየምም መግባቱን ይቀጥላል። ገመዱን የሚጠቀምበት ማን እንደሆነ የሚወስኑት ሌሎቹ ተቀባዮች ናቸው። ስለዚህ ኬቪ 1.3ን ብቻ አቅልሞ «ይህ ሕዋስ ተቆጥቷል» ማለት ከማስረጃው በላይ መናገር ነው።

ጊጋ_ኦም

ወደ መለኪያው ልግባ፤ ብዙ መረጃ የሚበላሸው እዚህ ነው።

የፒፔት መፍትሔ፦ ፖታሲየም ግሉኮኔት 130፣ ሶዲየም ክሎራይድ 4፣ ሄፔስ 10፣ ባፕታ 10፣ ካልሲየም ክሎራይድ 1፣ ማግኒዝየም ኤቲፒ 4፣ ሶዲየም ጂቲፒ 0.5፣ ሁሉም በሚሊሞላር። ፒኤች 7.3 በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ፣ ኦስሞላሪቲ 285 ገደማ። ፒፔቱ ከ4 እስከ 6 ሜጋ ኦም።

መጀመሪያ የጂቲፒው ነገር። ካልጨመርከው ጂ-ፕሮቲኑ በደቂቃዎች ውስጥ ይደክማል፤ ኤዲፒ ብታፈስም ቲክ-1 አይሰማም። ተቀባዩ የጠፋ ይመስልሃል እንጂ የጠፋው ጂቲፒ ነው።

ሁለተኛው የባፕታው። 10 ሚሊሞላር ባፕታ ካልሲየሙን አፍኖ ስለሚይዝ ኬሲኤ 3.1 ጨርሶ አይከፈትም። ለቲክ-1 ጥሩ ነው፤ ኬሲኤ 3.1ን ለሚፈልግ ግን በኢጂቲኤ (በሌላ ካልሲየም ያዥ) የተሰላ 1 ማይክሮሞላር ነፃ ካልሲየም ያለው ሌላ መፍትሔ ያስፈልጋል። በአንድ መፍትሔ አራቱንም ቻናል መለካት ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው።

ሦስተኛው ማህተሙ፣ ማለትም ፒፔቱ ከሕዋሱ ሽፋን ጋር የሚፈጥረው ጥብቅ መጣበቅ። ማይክሮግሊያ ትንሽ ሕዋስ ነው፤ የግቤት መቋቋሙ በጊጋ ኦም ይቆጠራል። ሕዋሱ 3 ጊጋ ኦም፣ ማህተሙ 5 ጊጋ ኦም ቢሆን የምታነበው ቮልቴጅ የእውነተኛው 5 ለ8 ብቻ ነው። −50 ሚሊቮልት የነበረው −31 ሆኖ ይነበባል። ማህተሙ 3 ጊጋ ኦም ቢሆን ግማሹ ይሄዳል። ለነርቭ ሕዋስ 1 ጊጋ ኦም ማህተም ይበቃ ይሆናል፤ እዚህ ግን ከ5 በታች የሆነውን ጣለው፤ ከ10 በላይ ፈልግ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ማህተሙ ሳይጠነክር ሽፋኑን አትስበር።

ከዚያ የፈሳሽ መገናኛ ቮልቴጅ። በፖታሲየም ግሉኮኔት ወደ 14 ሚሊቮልት ይደርሳል፤ ካነበብከው ላይ ቀንስ። ውጭ 3፣ ውስጥ 140 ሚሊሞላር ፖታሲየም ቢኖር በ37 ዲግሪ የፖታሲየም ሚዛን ቮልቴጅ −103 ሚሊቮልት ገደማ ነው። ሕዋሱ በአንጎል ቁራጭ ውስጥ ከዚያ ርቆ −40ዎቹ ላይ መቀመጡ ራሱ ይነግርሃል፤ የፖታሲየም መተላለፊያው ትንሽ ነው፤ ትንሽ ሲግናል ብዙ ቮልቴጅ ያንቀሳቅሳል።

ለኬቪ 1.3 ደግሞ ምቱን ቶሎ ቶሎ አትስጥ። ይህ ቻናል ቀስ ብሎ ይዘጋል፤ ለመመለስም ብዙ ሰከንዶች ይፈልጋል። በየሰከንዱ ወደ +40 ብትመታው ከረንቱ በየምቱ እያነሰ ይሄዳል፤ መድኃኒትህ ያፈነው ይመስላል። በምት መካከል ከ30 እስከ 60 ሰከንድ ጠብቅ። መለያም ይሆንሃል፦ በየሰከንዱ ምት የሚከማች መታከት የኬቪ 1.3 ጠባይ ነው፤ በማይክሮግሊያ ላይ ያለው ኬቪ 1.5 እንዲህ አይታክትም።

ማህሌት_ግሊያ

ጊጋ_ኦም፣ አንድ ነገር ልጨምር። 4 ሚሊሞላር ኤቲፒ ያለበት ፒፔት ወደ ቁራጩ ሲወርድ አወንታዊ ግፊቱ ኤቲፒውን ይረጨዋል። በማይክሮስኮፕ በአረንጓዴ የሚያበሩ ሕዋሳት ያሉበትን ቁራጭ ብታዩ ቅርንጫፎቹ ዞረው ወደ ፒፔቱ አፍ ሲሰበሰቡ ይታያል። ለመለካት የተፈለገው ያልተነካ ሕዋስ ነበር፤ እዚያ እስክንደርስ ፒቱዋይ12 ነቅቷል፣ ቲክ-1 ሰፍቷል። «ኤዲፒ ሲጨመር ለውጥ የለም» የሚለው ውጤት የሚመጣው ቀድሞ ስለተከፈተ ሊሆን ይችላል።

ጊጋ_ኦም

ልክ ብለሻል እህቴ፤ ከላይ መዝለሌ ጥሩ አልነበረም። ኤቲፒውን ማውጣት ግን መድኃኒቱ አይደለም፤ ፒፕቱ የሚታደሰው በኤቲፒ ነውና ኪር 2.1 ይሞታል። የሚሻለው የፒፔቱን ጫፍ ኤቲፒ በሌለው መፍትሔ መሙላትና ከኋላ ኤቲፒ ያለውን ማስከተል፣ ግፊቱን ዝቅ አድርጎ ቶሎ መድረስ፣ የፈሳሹን ፍሰት ከሕዋሱ ወደ መውጫው እንዲሆን ማድረግ ነው። ሲግናሉን ሳይነካ መለካት የሚፈልግ ደግሞ በአምፎቴሪሲን የተበሳ ፓች ይጠቀም፤ የሕዋሱ ጂቲፒም ካይኔዝም በቦታው ይቆያል። አምፎቴሪሲን ብርሃን ይጠላል፤ በየሁለት ሰዓቱ አዲስ በጥብጡ፤ ጫፉን ያለ መድኃኒት ሙሉት፣ አለዚያ ማህተም አይይዝም።

በረኸኛው_ኬ

ከቻናሉ ወደ ኢንፍላማሶም (ኢንተርሊውኪን-1 ቤታን ለመልቀቅ ወደሚያዘጋጀው የፕሮቲን ውስብስብ) የሚሄደውን እኔ ልጻፍ።

ኤንኤልአርፒ3 የተባለው ኢንፍላማሶም የሚነሳው የውስጥ ፖታሲየም ሲወርድ ነው። በ2007 በወጣ ሥራ፣ ያለ ሕዋስ በተሠራ ሙከራ፣ ውስብስቡ የሚገጣጠመው ፖታሲየም ከ90 ሚሊሞላር በታች ሲሆን ነው። የተለመደው አሠራር ኤልፒኤስ ከ3 እስከ 4 ሰዓት፣ ከዚያ ኤቲፒ 5 ሚሊሞላር ለ30 ደቂቃ ወይም ለአንድ ሰዓት ነው። በዚህ መጠን የሚሠራው ፒቱኤክስ7 የተባለው ቻናል ነው፤ እሱ ራሱ ፖታሲየም ያስወጣል። ፒቱዋይ12 ግን በማይክሮሞላር ነው የሚሰማው። ስለዚህ «ኤቲፒ ጨመርን» ብቻ ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ ስንት? ለስንት ደቂቃ? ማይክሮግሊያ ላይ ሲዲ39 የተባለ ኤንዛይም ሞልቷል፤ ኤቲፒን ወደ ኤዲፒ ከዚያም ወደ ኤኤምፒ ይቆርጣል፤ ሲዲ73 ባለበት ደግሞ ወደ አዴኖሲን ይሄዳል። በመጀመሪያው ደቂቃ ፒቱዋይ12ን የነካው ጠብታ ከቆይታ በኋላ ኤቱኤን ይነካል፤ ሳይክሊክ ኤኤምፒም ይገለበጣል፤ ቅርንጫፎቹም በተቆጡ ሕዋሳት ላይ ይሰበሰባሉ። በአንድ የሳህን ጉድጓድ ውስጥ ሁለት ተቃራኒ ትእዛዝ አለ።

የኤቲፒው ክምችት ፒኤቹ ካልተስተካከለ አሲድ ነው። 100 ሚሊሞላር ሲበጠበጥ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ወደ 7.4 አምጡት። ካልሲየምና ማግኒዝየምንም ይይዛል፤ ፒቱኤክስ7ን የሚያነሳው ነፃው፣ አራት አሉታዊ ቻርጅ ያለው ኤቲፒ ስለሆነ ማግኒዝየም በበዛበት ሚዲያ ውጤቱ ይዳከማል።

ማጣሪያ ሙከራው የውጭ ፖታሲየምን ከፍ ማድረግ ነው፤ ፖታሲየም መውጣት ካልቻለ ኢንተርሊውኪን-1 ቤታም አይለቀቅም። እዚህ ላይ ስህተቱ ከባድ ነው፦ ፖታሲየም ክሎራይድን በነበረው ላይ አትጨምሩ። 50 ሚሊሞላር ብትጨምሩ ኦስሞላሪቲው በ100 ገደማ ይጨምራል፤ ሕዋሱ ይኮማተራል፤ የለካችሁት የጨው ጉዳት ይሆናል። ሶዲየም ክሎራይድን በዚያው ልክ ቀንሳችሁ ፖታሲየሙን ተኩ፤ ኦስሞሜትር ላይ አረጋግጡ።

ኤፒሬዝ የተባለውን ኤንዛይምም ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። የውጭ ኤቲፒን ለማጥፋት ብዙ ሰው ይጠቀምበታል፤ ቅርንጫፎቹ ሲያጥሩ «ኤቲፒ ስለጠፋ ነው» ይባል ነበር። በ2018 ፒኤንኤኤስ ላይ የወጣ ሥራ እንዳሳየው ምክንያቱ ኤቲፒ መጥፋቱ አልነበረም፤ ከብልቃጡ የሚመጣው ኤንዛይም ፖታሲየም ስለያዘ ሽፋኑን ወደ አዎንታዊ ስለሚያነሳው ነው። ኤፒሬዝ የምትጠቀሙ ሁሉ ያንኑ ኤንዛይም አፍልታችሁ ገድላችሁ እንደ ማነጻጸሪያ አስቀምጡ፤ የሞተውም ቅርንጫፉን ካሳጠረ ፖታሲየሙ ነው። የመፍትሔውን ፖታሲየም በኤሌክትሮድ መለካት ደግሞ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ደጀን_ላብ

ማፈኛዎቹን በመጠን ብታስቀምጡልኝ? የባህል ሕዋስስ ለዚህ ይሆናል?

ሽፋን_ቮልት

ለኬቪ 1.3 ፓፕ-1፤ ቻናሉን በግማሽ የሚያፍንበት መጠን 2 ናኖሞላር ነው። ለኬሲኤ 3.1 ትራም-34 በ20 ናኖሞላር ወይም ሴኒካፖክ በ11። ሴኒካፖክ ለማጭድ ሕዋስ ደም ማነስ እስከ ሦስተኛ ደረጃ ሙከራ የደረሰ መድኃኒት ነው፤ ሄሞግሎቢንን ከፍ ቢያደርግም የሕመሙን ጥቃት ስላልቀነሰ ሙከራው ቆመ። በሰው መሰጠቱ አሁን ለአንጎል ለሚያስቡት ሰዎች መንገድ አሳጥሯል። ለኪር 2.1 ኤምኤል133፣ በፒኤች 7.4 ወደ 1.8 ማይክሮሞላር፤ ፒኤቹ ከፍ ሲል ይበረታልና ፒኤቹን ሳትጽፉ መጠኑን አትጻፉ። ለቲክ-1 ቴትራፔንታይል አሞኒየም 50 ማይክሮሞላር፣ ነገር ግን ሌሎች ቻናሎችንም ይነካል፤ የጂን ማጥፊያ አይጥ ካልታከለበት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

የባህል ሕዋስ ለኬቪ 1.3 እና ለኬሲኤ 3.1 ይሆናል። ከተወለዱ እስከ 3 ቀን ካሉ አይጦች የተደባለቀ ግሊያ፣ ከ10 እስከ 14 ቀን ማቆየት፣ በ200 ዙር በደቂቃ አናውጦ ማራገፍ። ኤልፒኤስ 100 ናኖግራም በሚሊሊትር ከኢንተርፌሮን ጋማ 20 ናኖግራም ጋር፣ 24 ሰዓትና ከዚያ በላይ። ለፒቱዋይ12 እና ለቲክ-1 ግን አይሆንም፤ ሴረም ባለበት ባህል ፒቱዋይ12 ይወርዳል፤ ኤልፒኤስም ይበልጥ ያወርደዋል። እነሱን በቁራጭ ላይ፣ በተቆረጠ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ለካ። ቁራጩም በቆየ ቁጥር ማይክሮግሊያው ይቀየራል፤ ስለዚህ ከተቆረጠ ስንት ሰዓት እንደሆነው በየሕዋሱ አጠገብ ጻፍ።

ማህሌት_ግሊያ

ለእንስሳቱ ማደንዘዣ ሃሎቴን ወይም ተመሳሳዩን የሚጠቀሙ ደግሞ ቲክ-1 ስሙን ያገኘው ከዚያ መሆኑን አይርሱ። ሕያው አንጎል ላይ ቅኝትን እየቀረጹ ቻናሉን በሚያፍን ጋዝ ማስተኛት የሚለካውን ቻናል መዝጋት ነው። ለዚህ ሥራ ሌላ ማደንዘዣ መምረጥ ይሻላል፤ ቁራጭ ለመቁረጥ ብቻ ከሆነ ደግሞ ጋዙ ታጥቦ የሚወጣበት ጊዜ ይሰጠው።

ጊጋ_ኦም

የመጨረሻ ለደጀን፤ ኪርን በ100 ማይክሮሞላር ባሪየም የምታፍን ከሆነ የሰው ሠራሽ የአንጎል ፈሳሽህን አዘገጃጀት አስቀድመህ ተመልከት። ማግኒዝየም ሰልፌት ካለበት ባሪየሙ ሰልፌቱን ይዞ ይዘቅጣል፤ መፍትሔው ደመና ይመስላል ወይም ቱቦው ግድግዳ ላይ ነጭ ብናኝ ይቀራል፤ ሕዋሱ ጋ የሚደርሰው ባሪየም ደግሞ ከምታስበው በጣም ያነሰ ነው። ማግኒዝየም ክሎራይድ ተካበት፤ ፎስፌቱንም አውጣው።

ደጀን_ላብ

ማስታወሻዬ ላይ ሰልፌት ነበር። ዛሬውኑ እቀይረዋለሁ። ፒፒ3ንም አዝዣለሁ። እግዜር ይስጥልኝ ለሁላችሁም።